ከማቀዝቀዣው የረገፈው ጤፍ

ዛሬ የኮምፒውተሬን ፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ፈትቼ ሳነሳው ጤፍ ረገፈ። አዎ፣ ጤፍ!

መርሳ ላይ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ አድርጌ ፍጥነቱን ልጨምር አስቤ፣ እንዳይቃጠልብኝ ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዛሁ። አሮጌው ሲግልብኝ "የማቀዝቀዣው ቅባት ደርቆ ነው" እያልኩ ነበር የከረምኩት። (ባለሙያ ነኝ ባይ!)

በጦርነቱ ከመርሳ ስንሸሽ ኮምፒውተሩን ግራና ላሉት አክስቴ፣ ለእማማ ዘይነብ፣ አደራ ሰጠኋቸው። በጆንያ ጠቅልለው ጎታ ውስጥ ከተቱትና ጤፍ ሞሉበት።

ስመለስ መጀመሪያ ያልኳቸው "ውሃ አልነካውም አይደል?" ነው። ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጠሁም።

"ኧረ አልነካውም ልጄ፣ አልሃምዱሊላህ። ጤፉ ከጎደለ ፈታሽ ሲመጣ ማሽኑ ይታያል ብዬ አልነካሁትም። ንፍሮም ያኖራል" አሉኝ።

እኔ ማሽኑን እያገላበጥኩ ነበር።

ሁለት ወር ሳይቆዩ ሞቱ።

ያን ቀን ኮምፒውተሩ ከጎታው ሲወጣ ያነሳሁትን ፎቶ እዚሁ ለጥፌው ነበር፤ ዛሬ ፈልጌ አየሁት። እማማ ዘይነብ ከጎኑ ቆመዋል። ቀሚሳቸው ሰው የለበሰው አይመስልም። ከሥሩ ሁላችሁም "እንኳን ማሽንህ ተረፈ" ብላችሁኛል። እኔም "አሜን" ብያለሁ።

አዲሱን ማቀዝቀዣ ገጥሜዋለሁ፤ ማሽኑ ቀዝቅዟል። ፍጥነቱን መጨመር ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጤፉን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ።

እስኪ ጻፉልኝ፦ እናንተስ ከሽሽት ስትመለሱ፣ አደራችሁን ጠብቆ ያቆየላችሁን ሰው መጀመሪያ ምን አላችሁት?