በካሴቱ ጀርባ የቀረ ድምፅ

የዚያን ዘመን ጎንደር ሳስባት ቀድሞ የሚመጣልኝ መልኳ ሳይሆን ድምጿ ነው። ጭጋጉ ከግንቡ ላይ ገና ሳይነሣ፣ ካንዱ ደብር ቅዳሴው፣ ከቀበሌው ጣሪያ ደግሞ የሞንታርቦው የሰልፍ ዘፈን ይነሡና፣ መንገድ ላይ ተደባልቀው ቁልቁል ወደ ፒያሳ ይወርዳሉ። እኔ ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ወሽቄ በመካከላቸው ወደ ዜና ቢሮው እሄዳለሁ። ያ መንገድ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ረፍዶብኝ ነው።

ቢሮው የቀጠረኝ ለጆሮዬ ብሎ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ቤታችንም ከደብሩ ቅጥር ጋር የተያያዘ ነበር። ልጅ ሳለሁ ተማሪዎቻቸውን ሲያስተምሩ ከበሩ ኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሴት ልጅ ነኝና ማንም ተማሪ ብሎ አልቆጠረኝም፤ ግን ተማሪው አንዴ ሰምቶ መያዝ አለበትና እኔም አንዴ ሰምቼ መያዝ ለመድሁ። አድጌ ዘጋቢ ስሆን ያ ነገር እንጀራ ሆነኝ። ስብሰባ ገብቼ እጄን አጣጥፌ እሰማለሁ፣ ወጥቼ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ሰዎች ይገረሙ ነበር፤ እኔ ደግሞ መገረማቸውን እወድ ነበር።

አብረውኝ የሚሠሩት አንጋፋ ዘጋቢ ነበሩ። ቢሮው ሁሉ ጓድ ሲላቸው እኔ አያ እላቸዋለሁ። የእሳቸው ሙያ ስልክ ላይ ነበር። መስመሩ እየተንኮሻኮሸ አዲስ አበባ ላለው ጸሐፊ ወሬውን ሲነግሩት፣ የዛሪማውን ገበሬ በገበሬው አነጋገር፣ የባልቴቷን እሮሮ በባልቴቷ ትንፋሽ ያሰሙታል። ጸሐፊው ከዚያ ማዶ ሲስቅ እኛ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር።

ድምፅ መቅጃው ቴፕ የመጣው በአንድ ክረምት መውጫ ላይ ነው። ጥቁር፣ ማንገቻ ያለው፣ የባትሪ ድንጋይ የማይጠግብ ነገር ነበር። ከአዲስ አበባም አብሮት ትእዛዝ መጣ፤ ከእንግዲህ የሚፈለገው የሕዝቡ የራሱ ድምፅ ነው ይላል። አያ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስከ ዛሬ የላክሁት የማንን ኖሯል?» አሉ።

ቴፑን ይዘን መጀመሪያ የሄድነው ወደ ዛሪማ ነበር። ላንድሮቨሩ ሊማሊሞን ሲወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ። ከተራራው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት የምንወርድ ሳይሆን ካንድ እንቅልፍ ወደ ሌላው የምንሻገር መሰለኝ። ገበሬ ማኅበሩ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። አንድ አዛውንት ተመረጡና ማይኩን ፊታቸው አቆምሁላቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ ብለውም እጅ ነሡት።

«እንዴት ሰነበቱ?» አሉት። ጠበቁ። «ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና? አገሩ ደኅና?» አሁንም ጠበቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ ተቀይሞኛል እንዴ?»

እኔ ሳቄን ስውጥ አያ ግን አልቻሉም። ሰው ሰላም ብሎ መልስ ሲያጣ ማየት አልሆነላቸውም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደኅና ነን፤ አንቱስ?» ብለው ለማይኩ መለሱለት። አዛውንቱ ከዚያ በኋላ አፋቸው ተፈታ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዘመቱት ልጆቻቸው ሸጋ አድርገው አወሩ። ያወሩት ግን ለአያ ነበር፤ አያም በየመካከሉ «እህ»፣ «ወይ ጉድ» ይሏቸዋል። አዲስ አበባ ካሴቱን ሰምቶ፣ ይኼ ጣልቃ የሚገባው ሰው ማነው አለ። ብዙም ሳይቆይ አያን ወደ ንብረት ክፍል አዛወሯቸው። ቁልፍ ታጥቀው ወረቀትና ቀለም አዳይ ሆኑ፤ ቴፑም የእኔ ሆነ። ለእሳቸው አዘንሁ፣ ለራሴ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ብቻዬን እዞር ጀመር። አዲ አርቃይ ወርጄ ሰዎቹን አናገርሁ፤ ቴፑ ሲከፈት እንደ ሞንታርቦው ይናገራሉ፣ ሲዘጋ እንደ ሰው። እኔ ግን የተከፈተውን ብቻ ይዤ እመለሳለሁ። ጆሮዬም እያደር ሰነፈ። ለምን ይድከም? የቴፑ ቀይ መብራት እስከ በራች ድረስ ማዳመጥ የእኔ ሥራ አልነበረም። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስለ ጫማዬ ማሰብ የለመድሁት ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን የአባቴ ድምፅ ይሻክር ጀመር። ጉንፋን ነው አልን፣ ማርና ዝንጅብል አጠጣናቸው፤ አልተሻላቸውም። በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም ጉሮሯቸውን አይቶ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ካላደረጉ አይተርፉም፤ ካደረጉ ይተርፋሉ፣ ድምፃቸው ግን አይመለስም አለኝ። ቤት ገብቼ እንዴት እንደምነግራቸው ስጨነቅ እሳቸው ቀድመውኝ አውቀውት ኖሯል።

«አንዲት እሑድ ቀርታኛለች» አሉ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ እያስደገፉ።

ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ቴፑን በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድሁት። የመንግሥት ንብረት ይዞ ቅዳሴ መቅዳት በዚያን ጊዜ ለመባረር ይበቃል፣ ለመታሰርም አያንስም። ፈራሁ፤ ያ ድምፅ ከዓለም እንዲጠፋ ግን ይበልጥ ፈራሁ። አዲስ ካሴት ስላልነበረ የአዲ አርቃዩን ያዝሁ፤ ጀርባው ባዶ ነበር። ለአባቴ ነገርኋቸው። ቴፑን አገላብጠው አዩት።

«ቅዳሴው የእኔ አይደለም» አሉ። «ድምፁ ግን የአባትሽ ነው፤ ውሰጂው።»

እሑድ በሴቶች በኩል ቆምሁ፣ ቴፑ ነጠላዬ ውስጥ። ያን ቀን ድምፃቸው እንደ ምንም ጠርቶላቸው ነበር ይላሉ የሰሙት። እኔ አልሰማሁም። ድንጋዩ እንዳያልቅ፣ ካሴቱ እንዳይያዝ፣ መብራቷ በነጠላው ላይ እንዳትታይ ስጠብቅ የአባቴ የመጨረሻ ቅዳሴ አለፈኝ። ዕጣኑ፣ ከበሮው፣ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ሁሉ ከውኃ በታች እንዳለ ነገር ብዥ ይልብኛል። አንዲት ቃል በጆሮዬ አልያዝሁም።

እሳቸው በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እኔ ቴፑን ማልጄ ቦታው መልሼ፣ እሳቸውን ሸኝቼ ቢሮ ስገባ የፖለቲካ ኃላፊያችን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ጠበቀኝ። ወጣት ነው፤ ካኪው የተተኮሰ፣ ቆቡ ከራሱ የማይለይ፣ ስንስቅ የማይስቅ። ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ አለ፣ የአዲ አርቃይን ገበሬዎች ድምፅ ሠራተኛው ይስማ አለኝ። ካሴቱን አልሰጥም የምልበት ምክንያት አልነበረኝም።

ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ፤ አያም ቁልፋቸውን ታጥቀው ከኋላ ተቀመጡ። ገበሬዎቹ መፈክራቸውን አሰምተው ጨረሱ። ተጨበጨበ። እጄን ወደ ካሴቱ ስሰድ ኃላፊው አቆመኝ።

«በጀርባውስ?»

«ባዶ ነው ጓድ» አልሁ።

«እስቲ እንየው» ብሎ ራሱ ገለበጠው፣ ራሱም ተጫነው።

መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበር፣ የሰው ሳል፣ የጽናጽል ድምፅ። ከዚያ የዲያቆኑ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ተንሥኡ ለጸሎት!»

ወንበሮች ተንኳኩ። ሁሉም ብድግ አለ። ማንም ያሰበ አልነበረም፤ እግር ነው የተነሣው። ጸሐፊዋ ተነሣች፣ ሾፌሩ ተነሣ፣ አያ ቁልፋቸውን እያንሿሹ ተነሡ። ኃላፊውም ቆሞ ነበር። ቆቡ በእጁ ነበር።

መቆሙን ሲያውቅ ፊቱ ተለዋወጠ። ግን የሚቀመጥበት ጊዜ አላገኘም፤ አባቴ ደረሱበት። «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምፃቸው። ያኔ ሰማሁት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያልሰማሁትን እዚያ፣ መፈክር በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ሰማሁት። ክፍሉም ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰላቸው። «ምስለ መንፈስከ።» ከአጠገቤ የመጣው ግን ዝም ብሎ መልስ አልነበረም፣ ዜማ ነበር፤ አወራረዱን የጠነቀቀ፣ ቆሎ ተማሪ ሆኖ የለፋ ሰው ዜማ። ጆሮዬ ያን አልሳተም። የኃላፊው ነበር።

ቴፑን አጠፋው። ማንም ማንንም አላየም።

«የማን ድምፅ ነው?» አለ፣ መስኮቱን እያየ።

«የአባቴ።»

«በሕይወት አሉ?»

«ይተርፋሉ ብለውኛል፤ ድምፃቸው ግን አይተርፍም።»

ቆቡን አገላበጠ፣ አላጠለቀውም። ከዚያ ወደ አያ ዞረ። «ጓድ ንብረት ክፍል፣ ይኼ ካሴት ተበጥሷል አይደል?»

አያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተበጥሷል እንጂ ጓድ፤ ሸጋ አድርጎ ተበጥሷል።»

«እንግዲያው ከንብረት ይሰረዝ» አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ እኔም ቅዱስ ነው አልልም፣ በሌላ ሰው ላይ የጨከነባቸው ቀኖች ነበሩ። ያን ቀን ግን ወደድሁት።

አባቴ ሲመለሱ አንገታቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰው ይጠይቃቸዋል፣ በእጃቸው ይባርካሉ፣ በራሳቸው ይነቀንቃሉ። ካሴቱ ሳጥኔ ውስጥ ነበር፤ የማጫውትበት ግን አልነበረኝም። አንድ ቀን ጠዋት አያ ካፖርታቸው አብጦ መጡ። «የንብረት ቆጠራ ላይ ነኝ» አሉና ቴፑን ከብብታቸው አወጡት። በጣታቸው እየፈሩ ተጫኑት።

ዲያቆኑ ሲጣራ አባቴ ከመደቡ ተነሡ። ከዚያ የራሳቸው ድምፅ መጣ። «ሰላም ለኵልክሙ።» ዕድሜያቸውን ሁሉ ያን ሰላም ለሌላው ሲሰጡ የኖሩ ሰው፣ ለራሳቸው ተሰጥቷቸው አያውቅም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከንፈራቸው እንደ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ።

ድምፅ አልወጣቸውም። እኔ ግን ቃል በቃል ሰማኋቸው።