አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ

ባለፈው ሳምንት የጉልበቴን ነገር ለማሳየት እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። አንዲት ልጅ እግር ነርስ ስሜን ታብሌቷ ላይ ስትጽፍ ያለፈው ዓመት የደም ምርመራዬ ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። ፊት ለፊቴ ካለው ክፍል ሰዎች ይገባሉ፣ ባሕር ማዶ ካለ ስፔሻሊስት ጋር በስክሪን ተነጋግረው ይወጣሉ፤ ዳቦ ገዝተው የወጡ እንጂ ሐኪም ያዩ አይመስሉም። አንዷ እንዲያውም ምስሉ ጥራት የለውም ብላ ስታማርር ሳቄ አመለጠኝ። የመጀመሪያዋን ክፍል አላየቻትማ!

እኔ አይቻታለሁ፤ ሠርቼባታለሁም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር በነበረው ትንሽ ጤና ጣቢያ የካርቶን ማከማቻ የነበረችውን ክፍል ቀለም ቀቧት፣ አንድ ኮምፒውተር አስገቡ፣ አናቱ ላይ ካሜራ ሰኩ፣ ለማሽኑ ብለው አየር ማቀዝቀዣ ገጠሙ። ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ አሸዋውን እያነሳ ፊታችን ላይ የሚበትንበት ወቅት ነበርና የሰፈሩ ሰው፣ «ከታማሚው ይልቅ ኮምፒውተሩን ነው የሚያስታምሙት» እያለ ያሾፍ ነበር። እኔ ገና ትምህርት መጨረሴ ነው። ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ሶማሊኛውን ከመንገድ፣ አማርኛውን ከድሬዳዋ ከመጡት ወላጆቼ ይዤ ስለነበር በአስተርጓሚነት ቀጠሩኝ።

በሩ ላይ «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያለ ምክንያት አልተለጠፈም። በመጀመሪያው ሳምንት አንገቷ ያበጠባት ሴት መላ ዘመዶቿን አስከትላ ገባች። ሁሉም በየተራ ሐኪሙን ሰላም አሉ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጠየቁ፣ ስለ አገሩ ዝናብ ጠየቁ። አንገቷ ሳይታይ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን የሚመራው ነርስ ሙሳ ማስታወቂያውን ከመድኃኒት ቤቱ ቁልፍ በላይ ይጠብቀው ጀመር። ለእኔም ትእዛዝ ነበረው፦ «የተባለውን ብቻ ተርጉሚ። ከራስሽ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ጋሽ መኮንን ከወደብ እየጫነ አዲስ አበባ የሚያደርስ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ጅቡቲ ሲገባ የሚያርፈው እኛ ግቢ ነው። እናቴ ፋጡማ የጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ከድሬዳዋ የሚላክላትን እሱ ያመጣላታል፣ እሷ ደግሞ ዓሣ ላሆህ ከሚባለው ትኩስ የሶማሌ ቂጣ ጋር ታቀርብለታለች። ሁለቱም አፈ ሹል ስለነበሩ መነታረክ እንጂ መነጋገር አይሆንላቸውም። በበጋው ሙቀት ሁላችንም ጣሪያ ላይ ነበር የምንተኛው። በዚያ ዓመት ግን ጋሽ መኮንን ደረጃውን መውጣት ተወ። «ከታች ይቀዘቅዛል» አለን። ከታች አይቀዘቅዝም፤ ምጣድ ነው። እናቴ ጥቂት ቀን ዝም ብላ ተከታተለችውና እየጎተተች ጤና ጣቢያ አመጣችው።

ሙሳ የልቡን ምት በመሣሪያ አንስቶ ባሕር ማዶ ላለው ሐኪም ላከ። እናቴን በጨዋ ደንብ ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጣት። የልብ ሐኪሙ፣ መነጽር ያደረገ ሽበታም ፈረንሳዊ፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ጋሽ መኮንን ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ፣ እጅ ነሳ። ካሜራው ቀበቶውን ብቻ አሳየ። በስንት ልመና ተቀመጠ።

«እንደምን አሉ ዶክተር? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሐኪሙ ትንሽ ቆይቶ ፈገግ አለ። «ደህና ነን፣ አመሰግናለሁ። ምርመራዎ ላይ አሁን የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ደረትዎን ያምዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ድካም ነው።»

«ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ኧረ ምንም አይል። ደህና ነኝ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሐኪሙ ጻፈ። ጥቂት ይረፍ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለስ፣ አገሩ ሲገባ ሐኪም ይየው አለ። የጋሽ መኮንን ፊት በራ። መኪናው ተጭኖ ቆሟል፤ በማግስቱ ሊነሳ ነው። እኔ ግን መንገዱን አሰብኩ። ያ ሁሉ ጭነት አቀበት ላይ እያለ ደረቱን ቢይዘውስ? ከኋላው የሚመጣውስ? ውሸታም አልነበረም፤ እኛ ዘንድ ታማሚ ሲጠየቅ ደህና ነኝ ይላል፣ ሕመሙን የሚናገርለት አስታማሚው ነው። አስታማሚዋ ላይ ደግሞ በር ዘግተንባታል።

ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። «እማ፣ ግቢ!»

«ላ ፖርት!» ብሎ ሙሳ ጮኸ፤ በሩን ዝጊ ማለቱ ነው። እናቴ ግን ገብታለች።

«አቦ ደህና ነኝ አልክ አይደል?» አለችው፤ ወዲያው ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ስማኝ ልጄ፣ ይሄ ሰው ጋደም ማለት አቅቶት ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያነጋው። ከበር እስከ ሱቅ እንኳ እየቆመ ነው የሚሄደው። ሲቆም ደግሞ እንዲህ ያደርጋል።» ጡጫዋን ጨብጣ ደረቷ መሀል ላይ ተጫነችው፣ ግራ ክንዷን ወደ ሆዷ ሰበሰበች።

አልተረጎምኩም ገና። ሐኪሙ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ካሜራው ተጠግቷል። «እንዳይሄድ» አለ። «ዛሬውኑ ሆስፒታል።»

በዚያው ቀን ተኛ። ልቡ የታመመ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከባድ መኪና ዳግመኛ እንዳይነዳ ተነገረው። ከሆስፒታል ሲወጣ ግቢያችን ድረስ መጥቶ፣ «ከእንጀራዬ ነቀልሽኝ ፋጡማ» አላትና ቻው እንኳ ሳይል አገሩ ገባ። እኔ አለቀስኩ። እናቴ ጨርቋን እያጠፈች፣ «ይኑር እንጂ ይኩረፍ» አለች፤ ምሳዋን ግን አልነካችም።

ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ሙቀቱ ረገብ ባለበት ወቅት፣ ግቢያችን ተንኳኳ። ጋሽ መኮንን ነው፤ ከስቷል። ፒኬ 12 በሚባለው የከተማው ዳር፣ ለሌሎች ሾፌሮች መኪና የሚያስጭን ሆኖ መጥቷል።

«እንዴት ነህ?» አለችው እናቴ።

ደጃፉ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። «ደህና አይደለሁም» አላት። «ደረቴ አሁንም ይይዘኛል። ሌላ ሰው መሪዬን ሲይዝ ሳይ ያመኛል። አንቺንም ገና ይቅር አላልኩሽም።»

እናቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «አልሐምዱሊላህ! እንዲህ ንገረኝ እንጂ። በል ግባ፣ ቁጭ በልና ሁሉንም ንገረኝ።»

ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ እሱ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። እኔ ከአስተርጓሚነት ከወጣሁ ቆየሁ። ማሽኖቹ እጅግ ሠልጥነዋል፤ በእነሱ ቅሬታ የለኝም። ይሁንና ጎረቤቶቼ ስክሪን ባለበት ክፍል ቀጠሮ ሲኖራቸው አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ «ደህና ነኝ» ሲሉ የማያምናቸው አንድ ሰው ያስፈልጋቸዋል። በር ላይ ያለችው ልጅ በፈረንሳይኛ አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ ስትለኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁበት ፈረንሳይኛ በድንገት ይጠፋብኛል።