የአባቴ ፍራሽ ላስቲክ

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ከግራና ከተማ በላይ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። ዓይናቸው ደክሟል። አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ ከእርከን ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ፤ ሰው እስኪያገኛቸው ድረስ ፀሐይ ላይ ቆይተዋል። ክንዱ ሲድን መርሳ ከተማ መጥተው ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ለመንኳቸው። አንድ ወር ልሞክረው አሉኝ። ከተስማማቸው ሊቀሩ፣ ካልተስማማቸው ሊመለሱ ተነጋገርን። እኔ ግን ዳግም ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል እያልኩ ነበር ወሩን የጀመርኩት።

ክፍል አዘጋጀሁላቸው። ወልድያ ድረስ ሄጄ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ገዛሁና በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አመጣሁት። ላስቲኩን ሳልገፍ አንሶላውን ከላዩ አነጠፍኩ። በእኛ አገር አዲስ ዕቃ ልብሱን ቶሎ አያወልቅም። የሶፋዬ ላስቲክ ራሱ ተቀዳዶ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ፈጅቷል፤ የቴሌቪዥኑ ሪሞትም ዛሬ ድረስ እንደተጠቀለለ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ አየሁ። እንቅልፍ እንዴት ነው ስላቸው አልሐምዱ ሊላህ አሉኝ። ይህ ለሁሉም ነገር መልሳቸው ነው፤ ለተሰበረው ክንድም ብለውታል። ሳምንት ሳይሞላ ቁርስ ፊት ተቀምጠው ያንቀላፉ ጀመር።

አስተማሪ ነኝ፤ ምክንያት መዘርዘር ይቀናኛል። መጀመሪያ ከአሱር ሰላት በኋላ የሚጠጡትን ቡና ከለከልኳቸው። አላጉረመረሙም። ቀጥዬ ጁምዓ ጁምዓ ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር የሚቅሟትን ጥቂት ጫት አስቀረሁ። ከዚያ የቀን እንቅልፍ ነው ብዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ እየገባሁ መቀስቀስ ያዝኩ። የመኪናው ድምፅ ይሆናል ብዬም አልጋውን ከአስፋልቱ ወገን ወደ ጓሮ አዞርኩት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ የደም ግፊታቸው ከእኔ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቴ ዓይን በልቷቸው ነው ብላ ዱዓ እንዲደረግላቸው መከረችኝ፤ ዱዓውም ተደረገ።

ከአንድ ሽማግሌ ሊነጠቅ የሚችለውን ሁሉ ነጥቄ ስጨርስ ወሩ አለቀ። አባቴ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ሞከርኩት እንግዲህ አሉና በጠዋቱ ሚኒባስ ሄዱ። ተናደድኩ። ባዶ ቤታቸውን ከእኔ አስበለጡ ብዬም አለቀስኩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ክፍላቸውን ላጸዳ ገባሁ። ቀትር ስለነበር ሙቀቱ አድክሞኝ አልጋቸው ላይ ጋደም አልኩ። አንሶላው ከሥሬ ተንሸራተተ። በተገላበጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል። ብዙም ሳልቆይ ጀርባዬ በላብ ራሰ። ተነስቼ አንሶላውን ስገልጠው ላስቲኩ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ወሩን ሙሉ በቡናው፣ በጫቱና በሰው ዓይን ሳሳብብ የነበረው ነገር ከአንሶላው ሥር ተኝቶ ኖሯል። ቢላ አምጥቼ ቀደድኩት። እፍረቱ እንዳለ ሆኖ ደስም አለኝ፤ አሁን መልሼ ላመጣቸው እችላለሁ።

በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ወጣሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ጠርቷል። መደባቸው ላይ፣ ቁርበትና ሰሌን አንጥፈው እንደ ልባቸው ይተኛሉ። ጥፋቱ የፍራሹ ላስቲክ እንደነበር፣ አሁን ገፍፌ እንደጣልኩት ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም።

"አውቄዋለሁ እኮ" አሉ። "የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።"

ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

በምርኩዛቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "ሽማግሌ ነው፣ ያረጥበዋል ብለሽ ያደረግሽው መሰለኝ። ሰው ይህን ለልጁ ምን ብሎ ይናገረዋል?"

በችኮላ ስለ ሶፋው፣ ስለ ሪሞቱ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ እንዴት እንደሚይዝ አስረዳኋቸው። ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ሁሉ ምሳሌ አበዛሁ። አባቴ በትዕግሥት አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ያንቺ ፍራሽስ?"

የእኔን የገዛሁ ዕለት ነው የገፈፍኩት። የእሳቸውንም ልገፍ ጀምሬ ነበር። ጫፉን ከያዝኩ በኋላ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይታወቃል ብዬ ተውኩት። ይህን ለራሴም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

"የኔማ ላስቲክ የለውም፣ አባየ" አልኳቸው።