ከመዝገብ ያስቀረሁት ቃል

ጎንደር ዳር ባለች አንዲት ቀበሌ በጸሐፊነት የተቀጠርኩ ቀን ሊቀመንበሩ የቃለ ጉባኤ መዝገብና የመሳቢያ ቁልፍ አስረከቡኝ። «ሕዝቡ ሲገባ በር ላይ አስፈርሚ፤ ሲወጣ ማንም አይቆምልሽም» አሉኝ። ፊርማው ይቀድማል፤ ቃለ ጉባኤው በኋላ ተጽፎ ከፊርማው ጋር ይያያዛል። ምንም ክፋት አልታየኝም።

በሦስተኛው ዓመቴ የከተማው ዳር እርሻ ለግንባታ ይለቀቅ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ከበላይ የመጡት ኃላፊ ታጣቂ አጃቢዎቻቸውን ከኋላቸው አቁመው «ተቃውሞ ያለው አለ?» አሉ። አያ ታከለ ብቻ ተነሡ። በር ላይ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ያስፈረምኳቸው ሽማግሌ ገበሬ ናቸው።

«እኔ አልስማማም። ያለችኝ መሬት ይህችው ናት። ምነው፣ ሰማይ ላይ ልረስ?»

ሰው ሳቀ። ኃላፊው ቀና ሲሉ ሳቁ ቆመ።

«ልጄ፣ ጻፍሽው?» አሉኝ አያ ታከለ።

«ጽፌዋለሁ፣ አያ።»

«ሸጋ» ብለው ተቀመጡ።

እውነት ነው፣ ረቂቁ ላይ ጽፌው ነበር። በማግስቱ ኪዳን አድርሼ ቢሮ ገባሁና ወደ መዝገቡ ስገለብጥ ያን መስመር ዘለልኩት። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። ረቂቁን ቀደድኩት።

አያ ታከለ አቤት ሊሉ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ጠየቁ። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው።

«ከሥሩ ያለው የማን ጣት ነው?»

«የእርስዎ።»

«በር ላይ ያስነካሽኝ?»

«አዎ፣ አያ።»

አልተቆጡኝም። ወረቀቱን አጣጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና ወጡ።

ወዲያው ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። «ቃላቸውን ፈርቼ ነው ያስቀረሁት፤ ይታረምልኝ» አልኩ።

«ማን አስፈራራሽ?»

«ማንም» አልኩ።

«እኔ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። አሁን ኃላፊው ፊት ቀርቤ ተሳስቻለሁ ልበል እንዴ?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። እሳቸውም እንደኔ ፈርተዋል።

አቤቱታው በዚያው ግልባጭ ምክንያት ወደቀ። ማሳው ሳይዘራ ታጠረ።

ዛሬ ሐዋሳ በአንድ ማኅበር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የንስሐ አባቴ የሰጡኝን ቀኖና ፈጽሜያለሁ። አያ ታከለን ግን ዓይናቸውን ለማየት አፍሬ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ ነው ከአገሬ የወጣሁት።

ኃላፊው ያላዘዙኝን ፍርሃቴ አሠርቶኛል። አሁን ተሰብሳቢው ሳይበተን የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ፊርማ የምቀበለው ከዚያ በኋላ ነው።