ከድጃ አልታከመችም

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ የከድጃ ስም ሲመጣ እንደወትሮዋ «ጴንጤዋ፣ እንዴት አደርሽ?» ልትለኝ መስሎኝ እየሳቅኩ ነው ያነሳሁት። ልጇ ሰሚራ ነበረች። «እማ የለችም» አለችኝ። «ገበያ ወጥታ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።

አሁን ከለቅሶው ተመልሼ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበሯት። አሁንም አላመንኩም። ከዚያ በላይ ደግሞ ተናድጃለሁ። ሐዘንተኛ እንዲህ አይጽፍም የምትሉኝ ካላችሁ ይቅር በሉኝ።

ለማታውቋት፣ ከድጃ ከደጋን ከተማ በላይ ካለው ተራራ የምትኖር ገበሬ ነበረች። እኔ ደሴ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። የተዋወቅነው ምጥ የያዛትን ጎረቤቷን ይዛ መጥታ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚያናግራት አጥታ ስትጮህ ነው። እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀችኝም።

የሰፈሯ ሰው ሐኪም ቤት የማይሄደው ጠልቶ አልነበረም። አስፋልቱ ድረስ የሚሸከመው የለም። እናት ከሄደች ላሟን የሚያልብላት፣ ልጆቿን የሚያበላላት የለም። ከድጃ ይህን ይዛ ቅሬው ፊት ቆመች። ቅሬ እኛ ወሎ ሰው ሲሞት ጥሪ ተጠርቶ ሁሉም ነቅሎ ወጥቶ የሚቀብርበት ማኅበር ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎቹ «ቅሬ ለሞት ነው» አሏት። እሷም «አባቶቼ፣ ሙቶ ስትሸከሙት አያመሰግናችሁም። ነፍሱ ሳለች ብትሸከሙት ቁጭ ብሎ ዱዓ ያደርግላችኋል» አለቻቸው። ሳቁ። ከሳቁ በኋላ እምቢ ማለት ከበዳቸው።

ከዚያ ወዲህ ጥሪው ለታመመም ይጠራ ጀመር። ወንዶቹ በቃሬዛ አስፋልት ያደርሳሉ፣ ተራዋ የደረሰ ሴት አብራ ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ቤቱን ትይዛለች። ደሴ ላይ እኔ እቀበላለሁ። በኋላ ደግሞ ሴቶቹን ሰብስባ፣ ጡታቸውን በራሳቸው እጅ እንዴት እንደሚፈትሹ እንዳሳያቸው ተራራውን አስወጣችኝ። ያፈረችውን «በእግርሽ ሂጂ፣ ቃሬዛ አታሸክሚን» ትላት ነበር። ሕግም አስወጣች፤ ሕመሙን የደበቀ ከቀብር እንደቀረ ሰው ይቀጣል፣ ለለቅሶ ቤት ውሃ ይቀዳል።

ልብ በሉ፣ ሕጉን ያስወጣችው እሷ ናት።

ዛሬ ሰሚራ ጓዳ ወስዳ ነገረችኝ። ከድጃ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው ካለፈው ዓመት ረመዷን በፊት ነው። ኮምቦልቻ ታይታ፣ ሪፈር ጽፈውላት፣ «ሳትዘገዪ ደሴ ሂጂ» ተብላለች። ደሴማ መጣች። ስንት ጊዜ መጣች፣ ሌሎችን ይዛ።

እኔው ራሴ ጠይቄያታለሁ። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ነበርን። ይዛቸው የመጣቻቸው ሁለት ሴቶች ፓስታ በሹካ ለመጠቅለል ሲታገሉ እሷ ትስቅባቸዋለች። «አንቺስ ታይተሻል?» አልኳት። «ታይቻለሁ፣ ምንም የለም አሉኝ፣ ወላሂ» አለችኝ። ወላሂ አለችኝ። ስንለያይ በአንድ እጇ ብቻ ነው ያቀፈችኝ፤ በግራ እጇ የያዘችው ነገር አልነበረም። ነርስ ነኝ እኮ። አላየሁም፣ ወይ ደግሞ መልሷ ደስ ስላለኝ ማየት አልፈለግኩም።

ለምን ብዬ ሰሚራ ላይ ጮህኩባት፣ ምስኪን። ሐኪም ቤት መመላለስ ራሱ በሽታ ያመጣል የሚሉ ሴቶች እዚያ ሰፈር አሉ። ከድጃ «መታመሜን ካወቁ ‹ይኸው፣ ከዚያው ይዛ መጣች› ብለው አንዳቸውም አይሄዱም» ብላ ልጇን አስምላ ዝም አሰኝታታለች። ለሰው ብላ ነው እንግዲህ። እኔ ግን ይህን ውለታ አልቀበልም። እኔ ማን ነበርኩ ታዲያ? ለኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ውሸቷ የት እንዳደረሰን ደግሞ ልንገራችሁ። ለቅሶው ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሉባባ የምትባል ጎረቤቷ ናት። እሷም እብጠት አግኝታ ለማክሰኞ ደሴ ቀጠሮ አላት፤ ቀጠሮውን ያስያዘችላት ከድጃ ነበረች። «እኔስ ቀርቻለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከድጃ ያን ሁሉ ተመላልሳ ካልተረፈች፣ እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው?» በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

የከድጃ ወንድም ለመጣው ሁሉ «ድንገት ነው» ይላል። ሰሚራን አየኋት። «ንገሪያቸው» አለችኝ። እብጠቱን ነገርኳቸው። ከድጃ አልታከመችም፣ ደሴ የመጣችው ሁሉ ለናንተ ነው፣ ለራሷ አንድ ቀን እንኳ እዚያ አልታየችም፣ ሁላችንንም ዋሽታናለች አልኩ። ሉባባ «ታዲያ እኛን ምን ስትለን ኖረች?» አለች። ማክሰኞ ትመጪያለሽ ወይ ስላት «አላህ ያውቃል» ብላ ፊቷን አዞረች።

ከድጃ፣ ምስጢርሽን ሰው ፊት አወጣሁት፣ ልጅሽ ፈቅዳልኝ ደግሞ እዚህ ጻፍኩት። እዚያ ሆነሽ ከተቆጣሽ ተቆጪ። ያን ቀን ሻይ ቤት አንዲት ቃል ብትነግሪኝ፣ ሆስፒታሉ ተነስተን በእግራችን የምንደርስበት ቦታ ነበር። አላህ ይማርሽ፣ ጀነት ያግባሽ፣ ደህና ሁኚ ጓደኛዬ። ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ሉባባን እጠብቃታለሁ። ከመጣች፣ ካርድ አውጥቼላት፣ አስመርምሬ ከሸኘኋት በኋላ፣ ያኔ ቁጭ ብዬ አለቅስልሻለሁ።

እስከዚያ ተቀይሜሻለሁ።