የአምባሳደሩ አስተርጓሚ

መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ኡምኩልሱም በየቀኑ እሷ ዘንድ የሚቀመጡትን የሶማሊያ ሽማግሌ ስም አታውቅም። ባገራቸው ሚኒስትር፣ ኋላም አምባሳደር ነበሩ ይባላል። ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ክራቫታቸው ግን አንድም ቀን ላልቶ አላየችውም። ከጎናቸው ያለውን ወንበር ለማንም አይለቁም። አማርኛቸው ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ፣ በተናገሩ ቁጥር ዝም ብለው ጆሯቸውን ወደ ባዶው ወንበር ያዘነብላሉ። «ሻይ፣ ስኳር ሳይበዛ» ይላሉ፤ ከዚያ ይጠብቃሉ።

ዛሬ አላስችላት አለ።

«አባባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«አስተርጓሚዬን» አሏት። «ለእርቅ በተቀመጥን ቀን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰዎቹ የሰሙት ግን ከሱ አፍ ነው። ሲተኩሱም ወደ ሰሙበት አፍ ተኮሱ።»

«ታዲያ ከዘመድ ርቀው እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

መናኸሪያው ውስጥ አንድ ሾፌር ጎማ የፈነዳበትን ጓደኛውን «አብሽር! አብሽር!» እያለ ያጽናናል። ሽማግሌው ወደ ባዶው ወንበር ዞር አሉ።

«ስሙ አብሽር ነበር» አሉ። «እዚህ አገር ቀኑን ሙሉ ይጠሩታል።»