ውክልናዬን ያነሳሁበት ባቡር

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲታገል ቆየና፣ «ጋሼ፣ ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፤ ግን ምንም አይከፍትም። አንተ ጋ ይሠራል?» አለኝ። ጋሼ መባልን ገና አልለመድኩትም። ሠላሳን ተሻግሬያለሁ፤ ጢሜ ላይም ሽበት ብቅ ብሏል፤ ቢሆንም ቅር ይለኛል። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። የእኔም ተገናኝቷል ይላል፣ የእኔም አይከፍትም። ልጁ ተናዶ ስልኩን ኪሱ ከተተና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ግን ብቻዬን ሳቅኩ።

በዚሁ መስመር ላይ፣ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ የእህቴ ትዳር በአንድ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያን ቀን ያደረግኩትን ዘመድ አዝማድ እስከ ዛሬ ጥፋት ይለዋል። እኔ አልለውም።

አባታችን የድሮው ባቡር መካኒክ ነበር። እኔ አሥር ዓመት፣ እህቴ ሰሚራ ሰባት ሳይሞላን ሞተ። ያሳደገን ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ሐጂ የሱፍ ነው። ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ትምህርት ቤት ያስገባን እሱ ነው፤ ስታመም በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው፤ ፀጉሬን አሳጥሮ እንዲቆርጥልኝ ፀጉር አስተካካዩን ሲያስጠነቅቅ የኖረውም እሱ ነው። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ቃሉ አንድ። እሱ ከተናገረ በኋላ በቤታችን የሚናገር ሰው አልነበረም።

ሰሚራ አድጋ ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ስትጀምር፣ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ስልክ የሚጠግን አብዲ የሚባል የጅግጅጋ ልጅ ወደደች። አጎቴ አልወደደውም። «ጠጋኝ ነው፤ ዛሬ ጠረጴዛው እዚህ ነው፣ ነገ የት እንደሆነ አይታወቅም» ይል ነበር። እሱ በልቡ የያዘላት የሽሪኩን ልጅ ነው። እናታችን አለቀሰች፤ ሰሚራ አላለቀሰችም፣ እንቢ ብቻ አለች። በመጨረሻ አጎቴ እሺ አለ። እሺታው ግን ከከንፈሩ አላለፈም።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅን የሚድራት ወሊዋ ነው። አባት ከሌለ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድም ይቀድማል፤ አጎት ከወንድም በኋላ ነው። ስለዚህ የሰሚራ ወሊ እኔ ነበርኩ። ወሊ የሆነ ሰው ካልተመቸው ሌላ ሰው ወክሎ ማስዳር ይችላል፤ ይህም የተለመደ ነው።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ኒካሑ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አጎቴ፣ «ትመጣለህ ወይስ ሥራ ይዞሃል?» ብሎ በስልክ መልእክት ላከብኝ። እኔም ድምፄን ቀድቼ መለስኩለት፤ «እመጣለሁ ኢንሻአላህ። ግን አንተ እያለህ እኔ ማን ነኝ? የወደድከውን አድርግ» አልኩት። እንደኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ሌላ ምን ይባላል? «ቤቴ ቤትህ ነው» ያለህ ሰው ቤት አልጋህን ተሸክመህ አትሄድም። አጎቴ ግን አልጋውን ተሸክሞ መጣ።

ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራ ስለነበር አለቃዬ ፈቃድ የሰጠኝ ለዚያው ቀን ነው። ባቡሩ ጠዋት ተነስቶ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ድሬ ይገባል፤ ኒካሑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም ከሚሰገደው ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ይደርሳል ብዬ ሰፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ዘሀራ የምትባል፣ በየሳምንቱ በዚያ ባቡር የምትመላለስ የልብስ ነጋዴ ነበረች። እድሜዋ እናቴን ያክላል። አዳማን ሳናልፍ ሳምቡሳዋን ፈታች። ጠግቤያለሁ ብላት፣ «አቦ ብላ! ብቻዬን ልብላ እንዴ?» ብላ በእጄ ላይ አኖረችው። ቃሪያው የበዛ፣ ዘይቱ ገና ያልደረቀ ሳምቡሳ ነው። አዋሽን ስናልፍ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ግራሩ፣ አፈሩ፣ ሰማዩም። እኔ ለኒካሑ የማነበንበውን ቃል እንዳልሳሳት በልቤ እደጋግም ነበር።

ከሚኤሶ ጥቂት እንደራቅን ባቡሩ ቆመ። ግመል ሐዲዱ ዳር ወልዳ፣ መንጋው እሷን ትቶ አልነቃነቅ ብሎ ነው ተባለ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ማሻአላህ አለ፤ መስኮት ላይ ተሰብስቦ ግልገሏን ለማየት ተጋፋ። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ሳቁ ቀነሰ። ሰዓቱ ወደ አስር ሲጠጋ ማንም አይስቅም ነበር።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። የሰሚራ አጭር መልእክት ነው። «አጎቴ ያን የላክከውን ድምፅ ለሼኩ አሰምቷቸዋል። ወኪሉ እኔ ነኝ ይላል። ኒካሑ ከረመዳን በኋላ ይሁን ሊል ነው። የአብዲ ሽማግሌዎች ተቆጥተዋል፤ ከተነሱ አይመለሱም። የት ነህ?»

ሁለቴ አነበብኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ወደ እናቴ ደወልኩ፤ እየተቆራረጠ ገባ። ስልኩን ሼህ ኢድሪስ ተቀበሉ። እኔን ቁርኣን ያስቀሩኝ ሽማግሌ ናቸው።

«ሼህ፣ አጎቴን አልወከልኩም!» አልኩ።

«ልጄ፣ ያንን ያልከው በድምፅህ ነው፤ ይህንንም የምትለው በድምፅህ ነው። ድምፅን በድምፅ አልሽርም። ፊትህን አሳየኝና እያየሁህ ተናገር። እስከ አስር ተኩል እጠብቅሃለሁ። እንግዶቹ ሳይመሽባቸው የጅግጅጋ መንገድ አለባቸው» አሉኝና ተቋረጠ።

ፊቴን ለማሳየት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። የእኔ ስልክ በዚያ ሜዳ ላይ ድምፅ እንኳ የሚያስገባው በልመና ነው። ግድግዳው ላይ ግን የዋይፋይ ምልክት ተለጥፏል። ከፈትኩት፤ ተገናኝቷል አለ። ጥሪውን ሞከርኩ፤ ክቡ ነገር ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አስተናጋጇን ሮጬ ያዝኳት።

«ይህ ዋይፋይ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ገና ነው ወንድሜ» አለች ፈገግ ብላ። «ምልክቱ ቀድሞ መጥቶ ነው።»

ዘሀራ ሁሉንም ሰምታለች። በእኛ ባቡር ውስጥ ሚስጥር የለም፤ የሰሚራን መልእክት ራሴ ጮክ ብዬ ሳላነበው አልቀረሁም። ከፊት ለፊታችን ክራባት ያሰረ፣ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ነበር። ከጎኑ መዳፍ የምታክል ዋይፋይ መሣሪያ ትብለጨለጫለች። ዘሀራ በአገጯ አሳየችኝ። ሰውየውን ለመንኩት።

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ይቅርታ፣ አለመስጠቴ አይደለም» አለ። «ግን ያሳደገህን ሰው በሰው ሁሉ ፊት ልታዋርድ ነው? ድረስና ተነጋገሩ እንጂ። ትዳር ለወር ያህል ቢዘገይ ምን ይሆናል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሐሳብ በእኔም ልብ ውስጥ ነበረ። ዘሀራ ግን ቀደመችኝ።

«መሣሪያህን ስጥ ተባልክ እንጂ ምክርህን ማን ጠየቀህ? አንተ ስታገባ ሚስትህን ወር ሙሉ ቆይ ብለሃታል?»

በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ። ሰውየውም ፊቱ ቀልቶ የይለፍ ቃሉን ነገረኝ። ተገናኘሁ። ምስሉ መጣና ቀጥ አለ፤ እንደገና መጣና ቀጥ አለ። ሰውየው አሁን እሱም ገብቶበታል መሰለኝ፣ «እዚህ ያለው ኔትወርክ ትንሽ ነው፤ ፉርጎው በሙሉ እየተሻማበት ነው» አለ።

ዘሀራ መቀመጫ ላይ ወጣች። በአማርኛ ጮኸች፣ በኦሮምኛ ደገመች፣ በሶማልኛ ጨረሰች። ዳታችሁን አጥፉ፣ ልጅ ልትዳር ነው! አንዳንዱ ወዲያው አጠፋ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ፣ «ዋሪያ፣ ጨዋታው ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ነው!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ ያሉት ስልኩን ከእጁ ነጥቀው አጠፉለት። አንዱ ሽማግሌ ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ «እኔ ማጥፋቱን አላውቅበትም፤ አጥፋልኝ» አሉኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ ስልኩን ይዞ ጸጥ ብሎ ሳይ እንባዬ መጣ፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

አስር ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ምስሉ ጠራ። ቤታችን ታየኝ። ሼህ ኢድሪስ መሐል ላይ፤ አብዲ አንገቱን ደፍቶ፤ የጅግጅጋ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ጨብጠው። አጎቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከሼኩ ቀኝ ተቀምጧል። ሰሚራ አትታይም፤ ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ እንደቆመች ግን አውቃለሁ።

«በድሩ» አለኝ አጎቴ፣ ሼኩ ሳይናገሩ። «አንተ እያለህ እኔ ማን ነኝ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«የወደድከውን አድርግ አላልክም?»

«ብያለሁ። አክብሬህ ነው ያልኩት። ሰሚራን አሳልፌ ልሰጥህ አይደለም።»

ፊቱ ተለወጠ። ቁጣውን እጠብቅ ነበር፤ የመጣው ግን ቁጣ አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ ያሳደግኩህ» አለኝ።

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች። ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። ቢሆንም አፌ አልተያዘም።

«አዎ፣ አንተ ነህ ያሳደግከኝ። ለእሱ እስክሞት እግርህን አጥባለሁ። በሰሚራ ዕድሜ ግን አልከፍልህም።»

ወደ ሼኩ ዞርኩ። «ሼህ፣ እያዩኝ ነው?»

«አየሁህ ልጄ።»

«ለአጎቴ የሰጠሁት ውክልና ካለ፣ ዛሬ አንስቻለሁ። እርስዎን ወክ...»

ባቡሩ በዚያች ቅጽበት ተንቀሳቀሰ። ግመሏ ግልገሏን ይዛ ተነስታለች። ምስሉ አጎቴ አፉን ከፍቶ ሳለ ቀጥ አለና ጠፋ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባለ ክራባቱም መሣሪያውን ይዞ ከመስኮት መስኮት ሮጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ባዶ ነው፤ የተሰማው ምን ያህል እንደሆነ ማወቂያ የለም። ዘሀራ እጄን ይዛ፣ «አብሽር፣ ሁርሶ ስንደርስ ኔትወርክ አለ» አለችኝ። እስከ ሁርሶ የነበረውን ጊዜ ዓመት ልበለው? ዓመት እንኳ እንዲያ አይረዝምም።

ሁርሶ ስንቃረብ ስልኬ ተንጫጫ። የሰሚራ የድምፅ መልእክት ነው። ከፈትኩት፤ ቃል የለበትም፤ የሴቶች እልልታ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጽሑፍ መጣ። «ሼኩ ወክ እስካልከው ሰምተዋል። ከዚህ በላይ ምን ይበል ብለው ዳሩን።» ዘሀራ እልልታውን ሰምታ ከባቡሩ ውስጥ መለሰችለት፤ ያላወቀ ሁሉ ተከትሏት እልል አለ። ኳሱ የተነጠቀው ጎረምሳ ሳይቀር።

ከጣቢያው በባጃጅ ቤት ስደርስ ግን አጎቴ አልነበረም። እናቴ በሩ ላይ ተቀብላ አቀፈችኝና፣ «ሄደ። ሩዙን እንኳ አልቀመሰም» አለችኝ። ሰሚራ በደስታ ታለቅስ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን በደስታ ብቻ አልነበረም።

ሁለት ዓመት አላናገረኝም፤ ከዚያ በኋላም ከሰላምታ አላለፈም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት ሽማግሌ መጥቶብኛል! ትልቅ ሰው አዋረድክ፣ በባቡር ላይ ሆነህ በባዳ ፊት ወቀስከው፣ ውለታ ቢስ ነህ፣ ሂድና አውፍ በለኝ በለው። ስላሳዘንኩት አዝናለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ተሳስቻለሁ ግን አልልም ስላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዱ ነበር። ዛሬም እንዲሁ እላለሁ። ለትልቅ ሰው ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍለው ሲሆን ግን ይሉኝታ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ሰሚራና አብዲ ሁለት ልጆች ወልደዋል። ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ አንዳንዴ እኔ ጋ እየደወለች ታማርርበታለች። የመረጠችውን ነው የምታማርረው።

ባለፈው ዒድ አጎቴን ልጠይቀው ሄድኩ። አርጅቷል፤ ጎርናናው ድምፁ ቀጥኗል። እጁን ሳምኩ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ። አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሩዝና ሥጋ የሞላበት ሰፊ ትሪ መሐላችን ቀረበ። ከእሱ ጋር ከአንድ ትሪ ስቀርብ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከኒካሑ ቀን ወዲህ ማለቴ ነው። እጁን ታጠበና ሳይጀምር አየኝ።

«ተሳስቻለሁ በል» አለኝ።

«አልልም።»

ከትሪው ላይ ለስላሳውን ሥጋ መርጦ ወደ እኔ በኩል ገፋው።

«ብላ» አለኝ።

በላሁ። አላልኩም።